ካንሰር የመሰለው ሕዋስና የወለጋ እናት

ከሴት ብልት የተወሰደ ጥቂት ፈሳሽ መስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ካንሰርን እንደሚያሳይ፣ የግሪክ ተወላጁ ጆርጅ ፓፓኒኮላው አሜሪካ ውስጥ በ1928 ተናገረ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ሩማንያዊው ኦሬል ባቤሽም በዚያው ሰሞን ተመሳሳዩን ደርሶበት ነበር። ሰሚ ግን ብዙም አልነበረም። የሕክምናው ዓለም ጆሮውን የሰጠው ፓፓኒኮላው ከኸርበርት ትራውት ጋር በ1941 ከጻፈ በኋላ ነው።

እኛ ዛሬ ልናወሳ የፈለግነው ግን ድሉን ሳይሆን ጥርጣሬውን ነው። ፓፓኒኮላው ራሱ ውጤቱን ከ1 እስከ 5 ሲከፍል መሐሉን ለአጠራጣሪው ተወለት። ለምን ቢሉ፣ ካንሰር ሳይሆን ካንሰር የሚመስል ሕዋስ ሞልቷል። ቁስለት ሲድን፣ ሉፕ ሲገባ፣ በዕድሜ የወር አበባ ሲቋረጥ የሕዋሱ ኒውክሊየስ ሊተልቅ ወይም ሊጠቁር ይችላል። በ1954 የፔሩው ሐኪም ኻቪየር አሪያስ ስቴላ በእርግዝና ምክንያት የማኅፀን ግድግዳ ሕዋሳት ካንሰር መስለው እንደሚታዩ አስረዳ። እርግዝና እኮ ነው! በ1988 የወጣው የቤቴስዳ አከፋፈልም ጉዳት የሌለውን ለውጥ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጠው።

ታዲያ ይህ ለነቀምቴ ምኗ ነው? ዘመናዊ ሕክምና ወለጋ የገባው ቀደም ብሎ ነው፤ የሚሲዮኑ ሐኪም ቶማስ ላምቢ ሳዮ፣ ማለትም የዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ የደረሰው በ1919 ነበር። ሕዋስ አንባቢው ሐኪም ግን ለብዙ ዘመን ከአዲስ አበባ እምብዛም አልወጣም። ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደምቢ ዶሎ ደግሞ የዚያ እጥፍ ገደማ። መስታወቱ መንገድ ሊሄድ ይችላል፤ የሴትዮዋ ታሪክ ግን ካልተጻፈ እዚያው ይቀራል። ቶሎ አልኮል ሳይነካው አየር ያደረቀው ናሙና ደግሞ ኒውክሊየሱ ያለ ቅጡ ሰፍቶ ይታያል። ዕድሜዋ፣ የመጨረሻ የወር አበባዋ፣ እርግዝናዋ፣ ሉፗ ካልተነገረው አንባቢው በምን ይለየው? በስህተት «ካንሰር ነው» የተባለች ሴት ማኅፀኗን ልታጣ ትችላለች፤ በአገራችን ደግሞ መውለድ አለመቻል ትዳርን እስከ ማፍረስ ይደርሳል።

በኋላ በጤና ጣቢያዎች የተስፋፋው አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው፤ በ2015 የወጣው አገራዊ መመሪያም ይህንኑ ዘዴ ያዘ። መንገዱ አጠረ። ጥርጣሬው ግን ከማይክሮስኮፕ ወደ ዓይን ተዛወረ እንጂ አልጠፋም፤ ካንሰር ያልሆነ ቁስለትም በአሲዱ ሊነጣ ይችላልና። በ2018 ለልጃገረዶች የተጀመረው ክትባት ተስፋችን ነው፤ እናቶቻቸውን የሚጠብቃቸው ግን ያው ምርመራው ነው።

ይህን ስንል እናቶች ምርመራውን ይሽሹ ማለታችን አይደለም፤ ሳይታወቅ ያመለጠ ካንሰር ይገድላል። የምንለው ይህ ነው፦ በነቀምቴ ሕክምና የምትማሩ ጓደኞቻችን፣ ከመጥረጊያው በፊት ጥያቄው ይቅደም። እናቲቱን በሚገባት ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ጠይቋት፤ መልሷንም ወረቀቱ ላይ ጻፉት። ሕዋስ ብቻውን አይመሰክርም።