ብቻቸውን የቀሩ ልጆች በልብ ወለድ፦ ፍርሃትና የመሪነት ውድቀት

ከአዋቂ ተነጥለው ሰው በሌለበት ምድር የቀሩ ልጆችን የሚተርከው ልብ ወለድ በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የተስፋፋ የጀብዱ ታሪክ ዘርፍ ሲሆን፣ ከ2ኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሥልጣን በፍርሃት ፊት እንዴት እንደሚፈርስ ወደሚመረምር ጽሑፍ አዘንብሏል። ለዚህ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው ዊልያም ጎልዲንግ (1911–1993 እ.ኤ.አ.) የጻፈውና በመስከረም 1954 የታተመው «የዝንቦች ጌታ» ነው። ደራሲው በ1983 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

መነሻ

ስለ መጽሐፉ አመጣጥ ብዙ ተጽፏል። በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው አስተያየት፣ ሥራው ለስኮትላንዳዊው ሮበርት ባላንታይን «የኮራል ደሴት» የተሰጠ መልስ ነው የሚለው ነው። በባላንታይን ታሪክ ራልፍ፣ ጃክና ፒተርኪን የተባሉ ወጣቶች ተባብረው ይኖራሉ፤ ክፋት የሚመጣባቸውም ከውጭ ነው። ጎልዲንግ የራልፍንና የጃክን ስም እንዳለ ወስዶ ክፋቱን ወደ ልጆቹ ውስጥ አስገብቶታል፤ በመጨረሻው ምዕራፍም የባሕር ኃይል መኮንኑ የባላንታይንን መጽሐፍ በስም ይጠራል። ሆኖም ጎልዲንግ በጦርነቱ በባሕር ኃይል ያገለገለ፣ በሶልዝበሪ ከተማም ወንዶች ልጆችን ያስተማረ ሰው በመሆኑ፣ ምንጩን በመጻሕፍት መካከል ብቻ መፈለግ የሚያጠግብ አይመስልም። ረቂቁ ከበርካታ አሳታሚዎች ተመልሶ ፌበር ወደተባለው ማተሚያ ቤት በደረሰ ጊዜ፣ የቤቱ ገምጋሚ ከጣለችው በኋላ ቻርልስ ሞንቲት የተባለ አርታኢ አንሥቶ አነበበው፤ በእርሱም ምክር የኑክሌር ጦርነቱን የሚተርከው መክፈቻ ወጣ፣ የመጀመሪያው ርእስም ተለወጠ።

ፍርሃትና አለቃ

በጎልዲንግ ታሪክ ራልፍ በምርጫ አለቃ የሚሆነው ትልቁን የባሕር ዛጎል ነፍቶ ሁሉን ስለሰበሰበ ነው፤ ዛጎሉን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። የጭስ ምልክት እንዲጠበቅና ዳስ እንዲሠራ ያዝዛል፤ ነገር ግን እሳቱን የሚጠብቁት ልጆች ከአዳኞቹ መሪ ከጃክ ጋር ወደ አደን በሄዱበት ሰዓት መርከብ አልፎ ይሄዳል። ራልፍ ወዲያውኑ ስብሰባ ይጠራል፤ ቀኑ ግን መሽቷል፣ የተናጋሪው ፊት በደንብ አይታይም። ትንንሾቹ ስለ አውሬ ሲያወሩ እርሱ ነገሩን በክርክር ሊዘጋው አስቦ መናፍስት መኖር አለመኖራቸውን በእጅ ያስቆጥራል። ተቺዎች በአብዛኛው የሥርዓቱን መፍረስ ከዛጎሉ መሰበር ይቆጥራሉ፤ ውድቀቱ ግን በዚህች ምሽት የተፈጸመ ይመስላል፣ ፍርሃት ለድምፅ ብልጫ ቀርቦ በብዙ እጆች ጸድቋልና።

ጃክ በበኩሉ ፍርሃቱን አያስተባብልም፤ የአሳማ ጭንቅላት በእንጨት ሰክቶ ለአውሬው ድርሻ ይተውለታል፣ ለሚፈሩት ልጆች ሥጋና ጭፈራ ይሰጣቸዋል። አውሬ የተባለው በጃንጥላ የወረደ የሞተ ወታደር መሆኑን ያወቀው ሳይመን የተባለ ልጅ ወሬውን ይዞ በሌሊት ሲመጣ፣ በጭፈራው መካከል አውሬው ራሱ ነው ተብሎ ይገደላል።

ሌሎች ማነጻጸሪያዎች

ፈረንሳዊው ጁል ቬርን በ1888 ባሳተመው «የሁለት ዓመት ዕረፍት» 15 ልጆች በደሴት ቀርተው አለቃቸውን ለተወሰነ ጊዜ ይመርጣሉ፤ ዶኒፋን የተባለው ተገንጥሎ ቢሄድም አለቃው ብሪያን ከአውሬ ካዳነው በኋላ ይታረቃሉ። በእውን ደግሞ በ1965 ስድስት የቶንጋ ተማሪዎች አታ በተባለች ደሴት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ ሥራ በተራ ተከፋፍለው፣ እሳታቸውን ሳያጠፉ፣ እግሩ የተሰበረውን ጓደኛቸውን አስታምመው በ1966 በሕይወት ተገኝተዋል።

በአማርኛ

የቅርብ አቻ ሊባል የሚችለው በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ነው። አንድ የጦር መሪ ድል ተነሥቶ በመማረኩ ቤቱ ይናጋል፤ መንትያ ልጆቹ ዋሕድና ጦቢያም ለስደት ይዳረጋሉ፣ ጦቢያ በወንድ ልብስ ተሸሽጋ ትጓዛለች። እዚህ ልጆቹን የሚያስፈራቸው ባሪያ ፈንጋይና ጦር እንጂ የእርስ በርስ ጥርጣሬ አይደለም፤ የመሪው ውድቀትም በአዋቂዎቹ ዘንድ የተፈጸመ ነው።