ሜዳ ያጣው ዋልያ

ባለፈው ቅዳሜ የኮሌጃችን ቡድን እንደ ልማዱ ተሸነፈ። ስንት ለስንት እንደሆነ አንጽፍም፤ ያየ አይቷል፣ ያላየም ምንም አልቀረበትም። ከዕረፍት በኋላ በሜዳው ዳር የቀረነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ «ከእንግዲህ ለዚህ ቡድን ጉሮሮዬን አልሰነጥቅም፤ በቃኝ!» አለ። ሌላው አልጋው ላይ እንደ ተጋደመ «የኮሌጁን ተወው ወንድሜ፣ የአገሩስ ቡድን መቼ አሸነፈና ነው!» ሲል መለሰለት። ከዚያ በኋላ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ስለ ዋልያዎቹ ስንጨቃጨቅ አመሸን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምሽት ልጅ ነው።

ክርክሩን የገጠምነው ተማሪዎች የአምባ ጊዮርጊስ፣ የዳባትና የደባርቅ ልጆች ነን። ስለዚህ ነገሩ ከሌላው ይልቅ እኛን ይነካናል ብንል ድፍረት አይሁንብን። ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን የወሰደው ከሰሜን ተራሮች ገደል በስተቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር ከሌለው እንስሳ ነው። ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ሌላው ሰው «ዋልያዎቹ ተሸነፉ» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን የጎረቤታችን ስም በክፉ የተነሣ ይመስለናል።

ታዲያ አንድ ጊዜ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣ ቡድን ስለምን እንዲህ ሆነ? የተለመደው መልስ «ድሮ ጀግኖች ነበሩን፣ ዛሬ የሉንም» የሚል ነው። እኛም ከታላላቆቻችን ተቀብለን ይህንኑ ስንደግም ኖረናል። ታሪኩን አገላብጠን ስናየው ግን መልሱ ግማሽ እውነት ሆኖ አገኘነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ያሳስታል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በአዲስ አበባ እግር ኳስን አስቀድመው ያዘወተሩት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። አርመኖቹ የራሳቸው ቡድን ነበራቸው፤ ግሪኮቹም፣ ጣሊያኖቹም እንዲሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ወራሪው ጦር አገሪቱን በሚያጋይበት ዓመት! ከነጻነት በኋላ በ1936 የመጀመሪያው የሊግ ውድድር ሲካሄድ ከ5ቱ ተወዳዳሪዎች መካከል የአገሬው ልጆች ቡድን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ታሪካችን ከመጀመሪያው በድል ብቻ የተሞላ አልነበረም። በገዛ ከተማችን ለእንግዳ ዋንጫ አስረክበን ነው የጀመርነው።

ከዚሁ ቡድን የወጣው ይድነቃቸው ተሰማ ተጫዋችም፣ አሠልጣኝም፣ በኋላም ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1979 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። ኮንፌዴሬሽኑ በ1949 ሲቋቋም ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። በዚያው ዓመት የካቲት ወር የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ተካሄደ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። የእኛም ቡድን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው። በ1951 ካይሮ ላይ እንደገና 4 ለ 0። ያኔ የነበረ ደጋፊ እንደ እኛ ጓደኛ «በቃኝ» ቢል ኖሮ ማን ይፈርድበት ነበር?

«በቃኝ» ያላለው ግን በጥር 1954 ዋጋውን አገኘ። ውድድሩ በአዲስ አበባ ሆነ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈን ጥር 13 ቀን ለፍጻሜ ከዚያችው ከግብፅ ጋር ተገናኘን። ግብፅ ቀድማ አገባች። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን። ደስታው ሳይበርድ፣ ገና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ግብፅ ደገመች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ እንደገና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩ። 4 ለ 2! ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው ለሉቺያኖ ሰጡ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከአሥመራ የተገኙ ናቸው፤ በአምባ ጊዮርጊስ መካከል አቋርጦ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ወደሚያደርስባት ከተማ። ይህን ስናነብ የደጃችን መንገድ በዚያ ዋንጫ ውስጥ ድርሻ ያለው መሰለን።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም የሚያውቀው ነው። አሁን የማይነገረውን እንናገር። በዚያ ውድድር ላይ የተገኙት አገሮች 4 ብቻ ነበሩ። ዋንጫው የተወሰደው በ2 ጨዋታ ነው። ይህን የምንለው የነመንግሥቱን ላብ ለማቃለል አይደለም፤ ያንን ፍጻሜ ማንም አያቃልለውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አፍሪካ ነጻ እየወጣች፣ አዳዲስ ቡድኖች እየተጨመሩ ማዕዱ ሰፋ። እኛ ግን በመጀመሪያው ማዕድ ላይ የተቀመጥንበትን ወንበር እያስታወስን ቀረን።

በ1960 ውድድሩ በአዲስ አበባና በአሥመራ ሲደረግ የምድቡን 3 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፍን፤ በግማሽ ፍጻሜው በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸንፈን 4ኛ ወጣን። በ1962 ሱዳን ላይ 3 ጊዜ ተጫውተን 3 ጊዜ ተሸነፍን። በ1968 እንደገና በአገራችን ሆነ፤ ኡጋንዳን አሸነፍን፣ ከግብፅ አቻ ወጣን፣ በጊኒ ተሸንፈን ከምድባችን ሳናልፍ ቀረን። በ1974 ሊቢያ ላይ አንድ ጎል እንኳ ሳናገባ ተመለስን። ከዚያ በኋላ 31 ዓመት ጨለማ! በመካከሉ በ1980 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፈን መውሰዳችን ባይኖር፣ የአባቶቻችን ትውልድ ለልጁ የሚነግረው የኳስ ወሬ ባልኖረውም ነበር።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 ስናሸንፍ 31ዱ ዓመት አለቀ። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን የመጣን ነን፤ እዚያ ያገባናቸው ጎሎች አሳለፉን። የመጀመሪያው ጨዋታችን ከሻምፒዮናዋ ከዛምቢያ ጋር፣ ጥር 13 ቀን ሆነ። አዎ፣ ጥር 13፤ ዋንጫው በተነሣ ልክ በ51 ዓመቱ! ቦታውም በ1949 በዘረኝነቷ ከውድድሩ የወጣችው ደቡብ አፍሪካ።

ያኔ እኛ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ጥምቀት ከዋለ ገና 2 ቀኑ ነው። አምባ ጊዮርጊስ በጥር ብርዱ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማምሻውን ጋቢያቸውን የተከናነቡ ትልልቅ ሰዎች ሻይ ቤቱን ሞልተውት፣ እኛ በእግራቸው መካከል ሾልከን ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጥን። ሳላዲን ሰይድ ፍፁም ቅጣት ምት መታ፤ በረኛው መለሰበት። ቤቱ በሙሉ «እህ!» አለ። ቀጥሎ የእኛ በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ አገባች። በ10 ሰው ስንጫወት፣ ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን የሻይ ብርጭቆ ተሰበረ፤ ባለቤትየዋ ግን ሒሳብ አልጠየቁም። አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ነበሩ፤ ኳስ ብዙም አያውቁም። «እናንተ ልጆች፣ አሸነፍን እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን። «የለም አባባ፣ አቻ ነን» አልናቸው። «ይሁን፤ አቻም ከሰው እኩል መሆን ነው» አሉ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ወጣን። በ2006 ለዓለም ዋንጫ አንድ ደረጃ ሲቀረን ያችው ናይጄሪያ በአዲስ አበባ 2 ለ 1፣ በካላባር 2 ለ 0 አሸንፋ በሩን ዘጋችብን። በጥር 2014 ካሜሩን ላይ 2 ሽንፈትና 1 አቻ።

እንግዲህ ቁጥሩን ደምሩት። እኛ ደምረነዋል። በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች ላይ ኢትዮጵያ በጠቅላላው ያሸነፈችው 7 ጨዋታ ነው፤ በ1954 ሁለት፣ በ1956 ጋና ላይ አንድ፣ በ1960 ሦስት፣ በ1968 አንድ። ከ7ቱ 6ቱ በአገራችን ሜዳ፣ በሕዝባችን ፊት የተገኙ ናቸው። ከአገር ውጭ ያሸነፍነው 1 ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አንድም የለም።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው ጓዶች! «ድሮ ጀግኖች ነበሩን» ከማለታችን በፊት «ድሮ ሜዳ ነበረን» ማለት ነበረብን። በካታንጋና በሚስማር ተራ የተፋፈገው ሕዝብ የቡድኑ 12ኛ ተጫዋች ነበር።

ታዲያ ይህን ሜዳ ምን አደረግነው? በ2014 የባሕር ዳር ስታዲየም ደረጃውን አላሟላም ተብሎ ሲታገድ፣ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚፈቀድ አንድ ሜዳ በአገሩ ጠፋ። «በሜዳችን» የምንለውን ጨዋታ ጋናን በጆሃንስበርግ፣ ሌሎቹን በሞሮኮና በታንዛኒያ ተጫወትን። የኮንፌዴሬሽኑ መሥራች አገር ሜዳ ተከራይ ሆነች! ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ እንኳ ጨዋታው የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ ከሜዳው ዙሪያ እልል የሚል የአገር ሰው የት ነበር? ያ ቀን አንድ ነገር አረጋገጠልን፤ ተጫዋች አልጠፋም። የጠፋው ሌላ ነው።

የጎንደሩ ፋሲል ከነማም ዕጣው ይኸው ነው። በ2013 የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ሊጉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ነበር የሚካሄደው። ጎንደር አልነበረችበትም። ቀድሞ በጨዋታ ቀን ማለዳ ከአምባ ጊዮርጊስ በሚኒባስ ተጭነን እየዘፈንን እንወርድ ነበር። ቡድናችን ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት ግን ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን አጨበጨብን። ቴሌቪዥን ያሳያል እንጂ አይሰማም። ለተጫዋቹ ጭብጨባችን አይደርሰው፣ ለእኛም ላቡ አይሸተን።

ስለ እውነተኛው ዋልያ ጥቂት እንጨምር። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ1989 እስከ 2009 ድረስ በዓለም አቀፉ የአደጋ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር። እርሻና ግጦሽ እየገፋ የዋልያውን መኖሪያ ወደ ገደል አፋፍ አጥብቦት ነበርና። ከመዝገቡ የወጣው እንዲሁ በወሬ አይደለም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ደባርቅ ወርደው ሰፍረዋል። ከነሱ ልጆች ጋር አብረን የተማርን አለን፤ ምን እንደ ከፈሉ እናውቃለን። ለአውሬው ዋልያ መሬት እንዲመለስለት ድሃ ገበሬ ቤቱን ለቀቀ። ለሰውየው ዋልያ ሜዳ እንዲኖረው ማን ምን ለቀቀ?

ሂሱን ለሌላው ብቻ አናድርገው፤ ግለ ሂስም አለብን። በልጅነታችን የጨርቅ ኳስ የምናንከባልልበት፣ በሁለት ድንጋይ ጎል የምንሠራበት መስክ ዛሬ ግማሹ ባሕር ዛፍ፣ ግማሹ ቤት ሆኗል። ሲታጠር ቆመን አየን። ማናችንም «ልጆቹስ የት ይጫወቱ?» ብለን አልጠየቅንም። ቡድኑ ሲያሸንፍ ባንዲራ ለብሰን መንገድ ሞላን፤ ሲሸነፍ አሠልጣኙን ሰደብን፣ ፍፁም ቅጣት ምት የሳተውን ልጅ ስም አጠፋን። የተቆጣነው በተሳሳተ ሰው ላይ ነው። ቁጣችንን በሜዳው ጥያቄ ላይ ብናውለው ኖሮ ቢያንስ የሚሰማ ድምፅ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ለዚያ ማታ «በቃኝ» ላለው ጓደኛችን መልሳችን ይኸውና። መናደድህ ትክክል ነው፤ እኛም ተናደናል። የማይናደድ ደጋፊ አላፊ አግዳሚ ነው። ግን የእኛ ኮሌጅ ቡድን፣ ጎርበጥባጣም ቢሆን፣ ዋልያዎቹና ፋሲል የተነፈጉት አንድ ነገር አለው፤ ሜዳው እዚሁ ነው፣ በእግር 5 ደቂቃ። ከዳሩ የምንቆመው ሰዎች እኛ ነን። እኛ ከሄድን በገዛ አገሩ ሊሎንግዌ ላይ የሚጫወት ቡድን እናደርገዋለን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ አለ። ሳንሸነፍ አንቀርም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ፊሽካ እንቆማለን። ምናልባት አቻ እንወጣ ይሆናል፤ አቻም፣ ሽማግሌው እንዳሉት፣ ከሰው እኩል መሆን ነው።