ተክሉ ቀርቶ እውቀቱ ሲሞት

ጎንደርም ሆነ ጎጃም ድፎ ዳቦ ሲደፋ ኮባ ይፈለጋል። ቅጠሉ ይታጠባል፣ እሳት ይነካዋል፣ ምጣዱ ላይ ይነጠፋል፤ ሊጡ ይገለበጥበትና በሌላ ኮባ ተሸፍኖ ይጋገራል። ዳቦው ሲወጣ ጀርባው ላይ የቅጠሉ መስመር ታትሞ ይቀራል፤ ሽታውም የበዓል ሽታ ነው። ኮባው ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ከጓሮ ወይም ከገበያ ይሏችኋል። ግንዱንስ ምን ታደርጉታላችሁ? ሥሩንስ? ብትሉ ግን ጥያቄው ራሱ ግራ ያጋባል። ኮባ ቅጠል ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ዳገቱን ስትወጡ ያው ተክል ይጠብቃችኋል። እዚህ ግን ቤቱን ከብቦ ነው የቆመው። እንሰት ነው። ግንዱ ተፍቆ ቆጮ ይሆናል፣ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ነው፣ ሥሩ ተቀቅሎ እንደ ድንች ይበላል፣ ጭረቱ ቃጫ ሆኖ ገመድ ይሆናል፣ ቅጠሉ መጠቅለያም ምንጣፍም ነው፣ የተረፈው ለከብት ነው። አንድ ተክል፣ ሁለት አያቶች። አንዷ ቅጠሉን ብቻ ታውቃለች፣ ሌላዋ ሁሉንም።

እንግዲህ ብዙዎቻችን «እንሰት የደቡብ ምግብ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ሲቀመጥ እንሰትን ያየው እዚያው ነው። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ከነሥዕሉ አስገብቶታል። ተክሉ መጀመሪያ የናሪያ (የእናርያ) ነው እንደሚባል፣ ጎንደር ላይ ግን በደንብ እንደሚያድግ፣ ከዓባይ ማዶ በሜጫ በኩል ደግሞ ሰፊ እርሻው እንዳለና ሕዝቡ እየቀቀለ እንደሚበላው ጽፏል። ከእሱ በፊትም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡት የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ስለዚህ ተክል ጽፈዋል። የአውሮፓ የዕፅዋት ሊቃውንት ለእንሰት ሳይንሳዊ ስም መስጠት የጀመሩትም ብሩስ ይዞት በሄደው መግለጫ ተነስተው ነው። ዛሬ ዓለም በላቲን «ኤንሴቴ» ሲል የሚጠራው የእኛኑ ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለው ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ በሰሜን የሆነው ነገር ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ። ተክሉ አልጠፋም። ዛሬም በየገዳሙ፣ በየጓሮው፣ በየምንጩ ዳር ቆሟል። የጠፋው ሥሩ እንደሚበላ ማወቅ ነው። አንዲት ሴት ለልጇ ሳታሳይ ቀረች፤ ልጇም የምታሳየው አልነበራትም። ምን ያህል ትውልድ ፈጀ? ሦስት ይበቃል። በእኔ ቤት ድፎ ዳቦ የምትደፋው አያቴ ምግብ የሚሆን ተክል ጓሮዋ ውስጥ አቁማ፣ በክፉ ዓመት ልጆቿን በቆሎ ፍለጋ ገበያ ትልክ ነበር።

ስለዚህ በጋሞ «እንሰት እየጠፋ ነው» የሚል ወሬ ስሰማ ሥጋቴ ሌላ ነው። ተክሉስ አይጠፋም። ጎንደር ላይ እንዳልጠፋ ሁሉ ጨንቻም ላይ ለጌጥ፣ ለዳቦ፣ ለቱሪስት ፎቶ ይቆማል።

አያቶች የሚያውቁት ምንድን ነው? እስቲ ከመባዛቱ እንጀምር። እንሰት በጓሮ ሲለማ በዘር አይደለም የሚባዛው። ገና ያልጎመራ፣ ሁለት ሦስት ዓመት የሞላው ተክል ይመረጥና ግንዱ ከመሬት ጠጋ ብሎ ይቆረጣል። ከዚያ ከሥሩ መሐል ቡቃያው የሚወጣበት ልብ በቢላዋ ይወጣል። ጉድጓዱ በፍግና በአፈር ይሞላል፣ ይቀበራል። ልቡ የወጣለት ሥር አንድ ሆኖ መብቀል ስለማይችል ብዙ ሆኖ ይበቅላል፤ ከአንዱ ሥር በደርዘን የሚቆጠር፣ አንዳንዴ ከመቶ ያላነሰ ችግኝ ይወጣል። መሐሉን ካልነካችሁት ምንም አይወልድም፤ አብዝታችሁ ከቆረጣችሁት ይበሰብሳል። ይህን ልኬት የጻፈልን ማኑዋል የለም፤ የእጅ ልኬት ነው።

ችግኙ ከዚያ ይነቀላል፣ ይተከላል፣ አድጎ እንደገና ይነሳል፣ በሰፊው ይተከላል። የሚቆረጠው አበባ ሊያወጣ ሲል ነው፤ አበባው ካለፈ ሥሩና ግንዱ ያከማቹት ስታርች ለፍሬው ይሄዳል። በደጋው ብርድ ይህ ሁሉ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከዚያ ሴቶቹ ይፍቁታል፣ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀብሩታል፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይብላላል። ቆላ ላይ ቶሎ፣ ደጋ ላይ ቀስ ብሎ። መድረሱ የሚታወቀው በማሽተትና በጣት በመንካት ነው።

በእንሰት አገር ልማድ መትከሉና ማዛወሩ በአብዛኛው የወንድ፣ መፋቁና ማብላላቱ የሴት ሥራ ነው። ዝርያውን በስም የምትለየውም በይበልጥ ሴቷ ናት። የቅጠሉን አከርካሪ ቀለም፣ የግንዱን ነጠብጣብ፣ የቅጠሉን አቋቋም አይታ ይህ ለቆጮ፣ ይህ ሥሩ ተቀቅሎ ለሚበላ፣ ይህ ቃጫው ለሚጠነክር፣ ይህ አጥንት ለተሰበረ ሰው ትላለች። አንድ ጓሮ ውስጥ ብዙ ዓይነት ተቀላቅሎ ይተከላል፤ በሽታ ቢመጣ ሁሉንም እንዳይወስድ። እርሻ ኮሌጅ ይህን «የዝርያ ብዝኃነት» ይለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስንዴና ገብስ በብርድ ክፍል በብልቃጥ ተቀምጦ ሃምሳ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። የእንሰት ዝርያ ግን በሥሩ እየተቆረጠ በእጅ ስለሚባዛ ባንኩ ራሱ ማሳ መሆን አለበት። ወላይታ የሚገኘው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ከየአገሩ የሰበሰበውን እንሰት በማሳ ላይ ተክሎ የሚያቆየው ለዚህ ነው። ሌላው የዘር ባንክ የአያቶች ጓሮ ነው። አንዲት ሴት ስትሞት ጓሮዋን የወረሰው ልጅ «ይሄ ምን ይሠራል?» ብሎ ቆርጦ ለከብት ከሰጠው፣ ያ ዝርያ ሌላ ቤት ከሌለ አለቀ።

የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ስለዚህ ሁሉ ዝም ያሉበት ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ታሪካችን በማረሻና በጎተራ የተጻፈ ነው። ጋሞ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ አስተዳዳሪው የሚቆጥረው ከብት፣ ማርና እህል ነበር። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቆጮና ጓሮ የቆመ ግንድ በጎተራ አይሰፈርም። ያልተሰፈረ ነገር ደግሞ በመዝገብ አይገባም።

የክፉ ቀንን ነገር ደግሞ እናንሳ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ ማረሻውን አቆመው፤ ከዚያ ረሃቡ መጣ። የእንሰት አገሮች በንጽጽር ሲታይ ያን ዘመን የተሻለ ተቋቁመውታል፤ እንሰት በሬ አይጠብቅም፣ ዝናብ አንድ ክረምት ቢቀር ግንዱ ውስጥ ያጠራቀመው ውኃና ስታርች ይቆያል። በ1997 እ.ኤ.አ. «ረሃብን የሚከላከል ዛፍ» በሚል ርዕስ የወጣ ጥናት ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንሰት አምስት ስድስት ሰው ላለው ቤተሰብ በቂ ምግብ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ዛሬ በእንሰት የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ወደ 20 ሚሊዮን ይጠጋል ይባላል።

ግን ተአምር አናድርገው። እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም፤ ፍግ ያለ ከብት፣ ከብት ያለ ግጦሽ የለም። በ1977 እና በ1992 ዓ.ም. በጎረቤት ወላይታ የሆነውን የምናስታውስ እናስታውሳለን። አገሩ ለምልሞ እያዩት ሰው ይራብ ነበር፤ «አረንጓዴ ረሃብ» ተባለ። መሬቱ ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ከብት ማቆሚያ ሲያጣ፣ ያልደረሰ እንሰት ሲቆረጥ፣ የአያት እውቀት ብቻውን ሰው አያበላም። የሰባት ዓመት ተክል በሦስተኛ ዓመቱ የቆረጠ ሰው ሰነፍ ወይም አላዋቂ አይደለም፤ ልጁ ርቦት ነው።

ስለዚህ «የዛሬ ወጣት የአባቶቹን ጥበብ ናቀ» የሚለው ስብከት አይዋጥልኝም። ወጣቱ ምን ያድርግ? የዶርዜ ሸማኔ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ሽሮ ሜዳን የምናውቀው በእነሱ እጅ ነው። አባት መወርወሪያ ይዞ ሲሄድ ጓሮውን ይዛ የቀረችው እናት ናት፤ እሷ ባትኖር ሽሮ ሜዳም አይኖርም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ግን ልጆችም በለጋ ዕድሜያቸው ለሽመና ተወሰዱ፤ ለመስቀል በዓል ብቻ ነው የሚመለሱት። ሰባት ዓመት የሚወስድ ትምህርት በመስቀል ሳምንት አያልቅም።

ቆላው ደግሞ ሙዝ አለ። ሙዝ የእንሰት የቅርብ ዘመድ ነው፤ መጤ ዘመድ። ከእስያ የመጣ። አርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ላንቴና ጫኖ የምታዩት ሙዝ በዓመት ገደማ ደርሶ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ብር ሆኖ ይመለሳል። ጨንቻ ላይ ሚስዮናውያን ያመጡት አፕል አለ፤ ችግኙ ራሱ ይሸጣል። የአፕል ችግኝ ማባዛት የተማረ ወጣት ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት ይዟል። የእንሰት ሥር ልብ የማውጣት እውቀት ያላት አያቱ ግን «ያልተማረች» ናት። አፕሉን መጥላቴ አይደለም፤ ጥሩ ገንዘብ አምጥቷል፣ ቆርቆሮ አልብሷል። ሰርተፊኬቱ ለአንዱ ብቻ መሆኑ ነው የሚከነክነኝ።

በሽታውም አለ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ተለይቶ የተመዘገበው ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ባሳተሙት ጥናት ነው። ባክቴሪያው በቢላዋ፣ በዶማ፣ በከብት አፍ ይተላለፋል፤ ሙዝንም ይይዛል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ደርሶ ሙዙን ፈጅቷል። እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ያለው መላ ቢላዋን በእሳት ማለፍ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መምረጥ ነው። የሚቋቋመውን ዝርያ ማን ያውቃል? ተመራማሪዎች በሽታውን ይቋቋማል የሚሉት ማዚያ የሚባለው ዝርያ ስሙ ራሱ የመጣው ከገበሬ አፍ ነው።

ጋሞ የሽማግሌን ቃል ማክበር የሚያውቅ አገር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የቡራዩን ደም ሊበቀሉ የወጡትን ወጣቶች ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው የመለሱትን አገር ሁሉ አይቷል። ከዚያም በፊት በ2012 እ.ኤ.አ. በጋሞ ደጋ ሞታ ዋሻ ውስጥ 4,500 ዓመት የሆነው አጽም ተገኘ። «ባይራ» ተባለ፤ በኩር ማለት ነው። በአፍሪካ ምድር ሙሉ የዘር ቅደም ተከተሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ሆነ። አርኪዮሎጂስቶቹን ወደ ዋሻው የመሩት የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው፤ በጦርነት ጊዜ መሸሸጊያ እንደነበር ከአባቶቻቸው ሰምተው ነበር። የወንዶቹን ማስታወስ እንዲህ ጠይቀን ተጠቅመናል። የሴቶቹን ማስታወስ ወደ ጓሮ ገብቶ የጠየቀ ጥቂት ነው።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የእንሰት መፋቂያና ማብላያ ቴክኖሎጂ ላይ ሠርቷል፤ ደግ ነው፣ የሴቶቹን ወገብ ያሳርፋል። ግን መፋቂያው የተሠራው የሚፋቀው ዓይነት ተመርጦ እስኪደርስ ድረስ ነው፤ መርጣ የምታስቀምጠው ያቺው አሮጊት ናት።

ለመስቀል ወደ ዶርዜ፣ ወደ ዶኮ፣ ወደ ዲታ የምትወጡ ልጆች ዘንድሮ እንዲህ አድርጉ። ክትፎው ከመቅረቡ በፊት፣ ገና በጧቱ፣ አያታችሁን ይዛችሁ ጓሮ ግቡ። ስልካችሁን ድምፅ ቅረጹበት። በእያንዳንዱ ተክል ሥር አቁማችሁ ስሙን፣ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ለምን እንደሚሆን ጠይቁ። በጋሞኛ ይናገሩ፤ አትተርጉሙት። ቅጠሉን ከጀርባው በኩል ፎቶ አንሱ፤ የአከርካሪው ቀለም የሚለየው እዚያ ነው። ስሙን የማያውቁት ተክል ካለ ደግሞ የጎረቤትን አሮጊት ጥሩ፤ ሁለቱ ሲከራከሩ ቀረጻውን አታቁሙ።