ሁለት «ጀላል» እና አንዲት የብር ሳንቲም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ስለ አንዲት የብር ሳንቲም እናወራለን። ያስቀረጸቻት የጆርጂያ ንግሥት ሩሱዳን ናት፤ ዘመኑም 1230 እ.ኤ.አ ነው። በአንዱ ገጽ ክርስቲያኖች የዒሳ (ዐ.ሰ) ነው የሚሉት ምስል አለ። ሌላውን ገጽ ዙሪያውን የከበበው ጽሑፍ ግን ዐረብኛ ነው! ንግሥቲቱን «ጀላሉ ዱንያ ወዲን» ይላታል፤ የዱንያና የዲን ግርማ ማለት ነው።

ክርስቲያን ንግሥት ለምን በዐረብኛ ጻፈች? ዋና ከተማዋ ትብሊሲ እስከ 1122 ድረስ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ በሙስሊም አሚሮች እጅ ነበረች። ጎረቤቶቿም ሙስሊሞች ነበሩ። በገበያው ነጋዴው የሚያነበውና የሚያምነው ገንዘብ ዐረብኛ ያለበት ነው።

ንጉሥ ዳዊት በ1122 ከተማዋን ሲይዝ የሙስሊም ደም ፈሷል። በኋላ ግን ነገሥታቱ ሙስሊሙን አክብረው ያዙ። ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል አዝረቅ፣ የዳዊት ልጅ ዴሜትሬ በጁምዓ ቀን መስጂድ ገብቶ ኹጥባ ማዳመጡን ጽፎልናል።

አሁን ወደሚከብደው ክፍል እንምጣ። ሳንቲሟ ከመቀረጿ አራት ዓመት በፊት፣ በ623 ሒጅራ (1226)፣ ከሞንጎሎች የሸሸው የኸዋሪዝም ሱልጣን ትብሊሲን በሰይፍ ያዘ። ብዙ ክርስቲያን ተገደለ፤ የተረፈው ሸሃዳ ያለ ብቻ ነው። ይህን የጻፈው ጠላት አይደለም፤ የራሳችን ዓሊም ኢብኑል አሲር ነው። ሱልጣኑ በከተማዋ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ የራሱን ስም ደርቦ አሳተመ። ስሙ ማን ነበር? ጀላሉዲን! የዲን ግርማ።

ሁለቱም በአንድ ማዕረግ ተጠሩ፤ ማዕረጉ ግን ለሁለቱም አልሆነም። ሱልጣኑ በ1231 ከሞንጎሎች ሲሸሽ በአንድ ኩርድ እጅ ተገደለ። ሩሱዳንም ሞንጎሎች ሲመጡ ወደ ኩታይሲ ሸሸች፤ በመጨረሻም ገብራላቸው በ1245 ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ በትብሊሲ የወጣው ብር የሞንጎሉን የጉዩክ ኻንን ስም ተሸከመ።

ወጣቶች ሆይ! አንዳንዶቻችን ሙስሊም ሱልጣን ያደረገውን ሁሉ ዲን ያደረገው ይመስለናል። በሱረቱል በቀራህ 256ኛው አያህ ግን አላህ (ሱ.ወ) በእምነት ማስገደድን ከልክሏል። በሰይፍ ጫፍ የተባለ ሸሃዳ ለሱልጣኑ ድል እንጂ ለዲኑ ክብር አልሆነም። ስለዚህ ታሪክ ስናነብ የወገናችንን በደል አናስውብ፤ ኢብኑል አሲርም አልደበቀውም። የዲን ግርማ በፍትሕ እንጂ በስም አይገኝም።

አላህ በራሳችን ላይም ቢሆን እውነትን የምንመሰክር ያድርገን። ወላሁ አዕለም።