የአስትሮይድ፣ የጅራታም ኮከብና የተለዋዋጭ ኮከብ ምልከታ ሪፖርት

የምልከታ ሪፖርት አዲስ የሰማይ አካል ያገኘ ወይም በታወቀ ኮከብ ላይ ለውጥ ያስተዋለ ሰው ያየውን ለሚመለከተው ዓለም አቀፍ ማዕከል የሚያሳውቅበት ሥርዓት ነው። ባለሙያም ሆነ አማተር የሚዳኘው በአንድ መስፈርት ነው፦ ሌላ ሰው ሪፖርቱን ይዞ ያንኑ አካል መልሶ ማግኘት መቻል አለበት።

የአስትሮይድ ምልከታ የሚላከው ለማይነር ፕላኔት ሴንተር ነው። ማዕከሉ በ1947 እ.ኤ.አ. በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሞ በ1978 ወደ ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ተዛውሯል። ለአሥርት ዓመታት በተሠራበት ቅርጽ እያንዳንዱ ምልከታ 80 ሆሄያት ባሉት አንድ መስመር ይጻፋል፤ ሰዓቱ፣ አካሉ በሰማይ ላይ የታየበት ነጥብ፣ ድምቀቱና የመመልከቻው ቦታ መለያ በዚያው መስመር ይሰፍራሉ። ቅርብ አካል ከተለያየ አገር ሲታይ በተለያየ ነጥብ ላይ ስለሚታይ፣ ቦታው ያልተገለጸ ምልከታ ለምሕዋር ስሌት አይበጅም። አንድ ነጥብ ብቻውንም አቅጣጫና ፍጥነት አይናገርም፤ በአንድ ሌሊት ተደጋግሞ መለካት፣ ቢቻል በሌላ ሌሊትም መድገም ያስፈልጋል።

ሥርዓቱ ምን ያህል እንደሚሠራ ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው 2008 ቲሲ3 የተባለው አስትሮይድ ነው። ሪቻርድ ኮዋልስኪ ኦክቶበር 6 ቀን 2008 በአሪዞና ማውንት ሌመን ላይ በ1.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ሲያገኘው በኢትዮጵያ ሰዓት ከጠዋቱ 3፡39 ገደማ ነበር። ማዕከሉ የደረሱትን ነጥቦች አስልቶ አካሉ በማግስቱ ሰሜን ሱዳን ላይ እንደሚወድቅ አስታወቀ። ከልዩ ልዩ አገሮች ከ500 በላይ ምልከታዎች ጎረፉ። 4 ሜትር ገደማ ስፋት የነበረው ድንጋይ ከሌሊቱ 11፡46 ላይ በኑብያ በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳ። ከመውደቁ በፊት የታየ የመጀመሪያው አስትሮይድ ነው። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሙዓውያ ሻዳድና ተማሪዎቻቸው ከፒተር ጄኒስከንስ ጋር በረሃውን በእግር አስሰው ስብርባሪዎቹን አገኙ፤ ሜትሮራይቱም በአቅራቢያው ካለው የባቡር ጣቢያ ‘አልማሃታ ሲታ’ (ጣቢያ 6) የሚለውን ስም አገኘ። ድንጋዩ ከመውደቁ ሃያ ሰዓት ገደማ በፊት ከአሪዞና የተነሣ መረጃ በረሃ ላይ ድንጋይ እስከ መልቀም ማድረሱ ሊደነቅ የሚገባው ነው።

አዲስ ጅራታም ኮከብ ያገኘ ሰው በተለምዶ ያሳወቀው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመን ኪል ውስጥ ለተጀመረው የሥነ ፈለክ ቴሌግራሞች ማዕከላዊ ቢሮ ነበር። በጁላይ 1995 አለን ሄል ከኒው ሜክሲኮ በኢሜይል፣ ቶማስ ቦፕ ከአሪዞና በቴሌግራም አንድን ጅራታም ኮከብ አሳወቁ፤ ሄል-ቦፕ የሁለቱንም ስም ይዟል።

ተለዋዋጭ ኮከብ ግን ቦታውን አይለቅም፤ የሚመዘገበው ድምቀቱ ነው። በ1911 የተመሠረተው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ኮከብ ተመልካቾች ማኅበር ከመላው ዓለም ግምት ይቀበላል። ተመልካቹ ኮከቡን ድምቀታቸው ከታወቀ ሁለት ጎረቤት ኮከቦች ጋር ያነጻጽራል፦ በ8.2 እና በ8.6 መካከል እኩል ላይ ከመሰለው 8.4 ይላል። ያነጻጸረባቸውንም ይጠቅሳል፤ ወደፊት የእነዚያ መለኪያ ቢታረም የእርሱም ግምት አብሮ ይታረማልና። ኮከቡ ሳይታይ የቀረበት ሌሊትም፣ ከታዩት ሁሉ እጅግ ደብዛዛው ኮከብ ድምቀት ተጠቅሶ፣ እንደ ሙሉ ምልከታ ይመዘገባል። በ1866 እና በ1946 እንደ ፈነዳው ቲ ኮሮና ቦሪያሊስ ባሉ ኮከቦች፣ ፍንዳታው የጀመረበትን ሰዓት ለማጥበብ የሚያገለግለው ይህ ባዶ የመሰለ መዝገብ ነው።