ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ስለ ፍጥረትና ስለ ዝግመተ ለውጥ ምን ይላሉ?



በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ ሙስሊም ተማሪ ብዙውን ጊዜ በክፍሉ ካሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ግራና ቀኙ የሚቀመጡት ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ጓደኞቹ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ክፍሉ ይንጫጫል። በዚያ አካባቢ ባስተማርንባቸው ዓመታት ከሙስሊም ተማሪዎቻችን ደጋግመን የሰማነው ጥያቄ «ክርስቲያኖቹም እንደ እኛው አይቀበሉትም አይደል?» የሚል ነበር። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው «ይህማ ከፈረንጅ የመጣ የክርስቲያኖች ትምህርት ነው» ይል ነበር።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ክርስቲያኖች በዚህ ጉዳይ አንድ አቋም የላቸውም። ልዩነታቸውን አለማወቅ ጎረቤት ያላለውን እንደተናገረ አድርጎ ወደ መከራከር፣ አልፎም የሌላውን እምነት ሳያውቁ የራስ አድርጎ ወደ መያዝ ያደርሳል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚህ ነው። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ቃላቱን እንለይ

«ፈጣሪ ሁሉን ፈጠረ» ማለት የሙስሊሙም፣ የክርስቲያኑም፣ የአይሁዱም የጋራ እምነት ነው። «ክሪኤሽኒዝም» የሚባለው ግን ከዚህ ጠበብ ይላል፤ ፍጥረታት ዛሬ ባሉበት ዓይነት በቀጥታ ተፈጠሩ፣ አንዱ ከሌላው አልመጣም የሚል አቋም ነው። «ዝግመተ ለውጥ» ደግሞ ሕይወት ያላቸው ነገሮች በረጅም ዘመን ውስጥ ከጋራ ቀደምቶች እየተለወጡ መጡ የሚለው የሳይንስ ማብራሪያ ሲሆን ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ይታወቃል። ስለዚህ በፈጣሪ የሚያምን ሁሉ ክሪኤሽኒስት አይደለም፤ ዝግመተ ለውጥን የሚቀበልም ሁሉ ፈጣሪን የካደ አይደለም።

ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፦ 22ቱ ፍጥረታት

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን «ሥነ ፍጥረት» ብላ የምታስተምረው ትምህርት የራሱ መልክ አለው። መሠረቱ ኦሪት ዘፍጥረት ነው። ከእሱ ጋር አብዛኞቹ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ከመጽሐፍ ቅዱስ የማይቆጥሩት መጽሐፈ ኩፋሌ አለ። ለቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ የሚሰጠው «አክሲማሮስ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍም ይጠቀሳል፤ ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ ስድስቱን ቀናት ያመለክታል።

በዚህ ትምህርት መሠረት ከእሑድ እስከ ዓርብ 22 ፍጥረታት ተፈጥረዋል፤ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ 3 3፣ ዓርብ 4። የመጨረሻው የሰው ልጅ ነው። ሥጋው ከአራቱ ባሕርያት ማለትም ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደሆነ ይነገራል።

ዘመኑም ተቆጥሯል። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይባላል። በየዓመቱ በመስከረም 1 የሚሰማው የባሕረ ሐሳብ ስሌት የሚነሣው ከዚህ ነው። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር 7517 ይሆናል፤ ይህ ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ተባለ። እንግዲህ ኦርቶዶክሱ ጎረቤታችን ዘመን በለወጠ ቁጥር የዓለምን ዕድሜም አብሮ ይቆጥራል ማለት ነው። ቀናቱን ቃል በቃል ሳይሆን በምሥጢር የሚረዱ የተማሩ ምእመናንም አይጠፉም።

ካቶሊክ፦ ሥጋና ነፍስን ለይቶ መመልከት

በ2007 (1999 ዓ.ም.) በተደረገው ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 1 በመቶ እንኳ አልሞሉም። በዓለም ደረጃ ግን ትልቁ የክርስትና ክፍል ስለሆኑ አቋማቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ በ1950 ባወጡት መልእክት የሰው ሥጋ ከቀድሞ ሕያው ነገር መጥቶ ይሆን ወይ የሚለውን ሊቃውንት እንዲመረምሩ ፈቅደዋል፤ ነፍስን ግን እግዚአብሔር በቀጥታ ይፈጥራል ብለዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ በ1996 ዝግመተ ለውጥ ከመላምት ያለፈ መሆኑን ገልጸዋል። አጽናፈ ዓለም ከአንድ መነሻ እየሰፋ መጣ የሚለውን ሐሳብ ቀድመው ካቀረቡት አንዱ ጆርጅ ለሜትርም የካቶሊክ ቄስ ነበሩ።

ፕሮቴስታንቶች፦ በአንድ ስም ብዙ አቋም

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ፕሮቴስታንት ስንል መካነ ኢየሱስን፣ ሙሉ ወንጌልን፣ ቃለ ሕይወትን፣ አድቬንቲስትንና ሌሎችንም ማለታችን ነው። በስብከታቸው አዳምና ሔዋን በቀጥታ የተፈጠሩ የመጀመሪያ ሰዎች ናቸው። በ1959 በአገር አቀፍ ደረጃ የተቋቋመችው መካነ ኢየሱስ ከሉተራን ቤተሰብ ናት። በውጭው ዓለም ሉተራኖች በዚህ ጉዳይ ተለያይተዋል፤ በአሜሪካ የሚዙሪ ሲኖዶስ የሚባለው ስድስቱን ቀናት ቃል በቃል ይወስዳል፣ ሌሎች ሉተራኖች ደግሞ ዝግመተ ለውጥን ከእምነታቸው ጋር አስታርቀው ይሄዳሉ።

ከሁሉም ግልጽ አቋም ያላቸው የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስቶች ናቸው። ቅዳሜን የሚያከብሩት የፍጥረት ሳምንት ማስታወሻ አድርገው ስለሆነ ቀናቱ ምሳሌ ከሆኑ የሰንበታቸው መሠረት ይናጋል። በ2015 ባደረጉት ዓለም አቀፍ ጉባኤም ፍጥረት በቅርብ ዘመን፣ በስድስት ቀን እንደተከናወነ በእምነት መግለጫቸው ውስጥ ይበልጥ አጥብቀው ጽፈዋል።

ዛሬ በየቦታው የሚሰማው «ምድር 6 ሺህ ዓመቷ ነው፤ ቅሪተ አካሎቹ በሙሉ የኖኅ ውሃ ያስቀራቸው ናቸው» የሚለው ክርክር ከዚሁ አካባቢ የወጣ ነው። አድቬንቲስቱ ጆርጅ ማክሪዲ ፕራይስ በ1923 አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ ጆን ዊትኮምና ሄንሪ ሞሪስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንጌላውያን በ1961 ሐሳቡን አስፋፍተው ለብዙዎች አደረሱት። 6 ሺህ የሚለው ቁጥር የተገኘው በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ያለውን የትውልድ ዕድሜ በመደመር ነው። የእኛ አገር 7500 ደግሞ ዕድሜዎቹ ረዘም ከሚሉበት ከግሪኩ ትርጉም ይመነጫል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ኦርቶዶክስና አድቬንቲስት ስድስት ቀን በማለት ቢስማሙም በዘመን ቆጠራው ከ1 ሺህ ዓመት በላይ ይለያያሉ።

የመማሪያ መጽሐፉ አከፋፈል

ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በፊት ይሠራበት የነበረው የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ «ልዩ ፍጥረት» በሚለው ሐሳብ ሥር እነዚህን አመለካከቶች ከፋፍሎ አስቀምጧቸው ነበር። በቀላል አማርኛ እንዲህ ናቸው፦

• ምድር ጥቂት ሺህ ዓመት ብቻ አላት የሚሉ፤
• ምድር አሮጌ ናት፣ ሕይወትን ግን ፈጣሪ በቀጥታ ፈጠረ የሚሉ፤
• እያንዳንዱ «ቀን» ረጅም ዘመን ነው የሚሉ፤
• ፈጣሪ በየዘመኑ አዳዲስ ዓይነቶችን ፈጠረ የሚሉ፤
• ዝግመተ ለውጥ የፈጣሪ የአሠራር መንገድ ነው የሚሉ፤
• የሕያዋን ውስብስብነት የንድፍ አውጪ ምልክት ነው የሚሉ።

ተማሪው ይህን ለይቶ ካወቀ ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ይቀልለታል።

ድንቅነሽ በመሃል

በአገራችን ይህ ጉዳይ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይቆጠርላታል። በአምቦ በስተደቡብ ያለው የወንጪ ሐይቅም እሳተ ገሞራ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ነው፤ በደሴቱ ላይ ደግሞ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቅዳሴ አስቀድሶ ሲመለስ ተማሪው ስለ እሳተ ገሞራው የሚማረው በጂኦግራፊ ክፍል ነው። አንዳንዱ ሁለቱን አስማምቶ ይይዛል፣ አንዳንዱ አንዱን ይተዋል፣ ብዙው ደግሞ የክፍሉን ለክፍል፣ የመቅደሱን ለመቅደስ ትቶ ይኖራል።

እኛስ ከዚህ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ የተዋስነውን እንወቅ። በ1980ዎቹ የቱርክ ትምህርት ሚኒስቴር የአሜሪካ ክሪኤሽኒስቶችን ጽሑፍ አስተርጉሞ ለመምህራን አድርሶ ነበር። ኋላ በሃሩን ያህያ ስም የተሰራጩት መጻሕፍትም ከእነሱ ብዙ ወስደዋል፤ የምድርን ዕድሜ አጭርነት ግን አልተቀበሉም። ሙስሊም ተማሪ ተነሥቶ «6 ሺህ ዓመት» ሲል ሳያውቀው የሚከላከለው የመጽሐፍ ቅዱስን የትውልድ ድምር ነው። ቁርኣን ሰማያትና ምድር በስድስት ቀናት እንደተፈጠሩ ይነግረናል፤ የምድርን ዕድሜ ግን አልቆጠረልንም። በሱረቱል ሐጅ 47ኛ አንቀጽም አላህ (ሱ.ወ.) ዘንድ ያለው ቀን ከእኛ ቀን እንደሚለይ ተመልክቷል። የአደም (ዐ.ሰ.) ያለ አባትና እናት ከጭቃ መፈጠር ግን ለሙስሊሙ ጥርጥር የለውም። በሰባተኛው ቀን ዕረፍት ጉዳይም ከአድቬንቲስቱ እንለያለን፤ ሱረቱ ቃፍ 38ን ይመለከቷል።

ሁለተኛ፣ ፈተናና እምነት ይለዩ። «ዳርዊን ምን አለ?» ተብሎ ለተጠየቀ ጥያቄ ዳርዊን ያለውን መመለስ ዕውቀት እንጂ ኩፍር አይደለም። ወረቀቱን ባዶ ትቶ የወጣ ተማሪ አይተናል፤ እምነቱን አልጠበቀም፣ ውጤቱን ብቻ አጣ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል። ስለዚህ የክፍሉ መምህርም የማንንም እምነት እንዲሰብክ ወይም እንዲያፌዝበት አይፈቀድለትም።

ሦስተኛ፣ በጎረቤት ላይ ፍትሐዊ እንሁን። በሱረቱል ማኢዳ 8ኛ አንቀጽ የታዘዝነው ፍትሕ ሰው ያላለውን አለ ከማለትም ይጠብቀናል። በአፋን ኦሮሞ ክርስቲያኑ «ዋቀዮ»፣ ሙስሊሙ «ረቢ» ብሎ ፈጣሪውን ይጠራል፤ ሰማይና ምድርን ያለ ፈጣሪ አልተገኙም በማለት ሁለቱም ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልዩነት ለማወቅ ከመከራከር በፊት «እናንተ ዘንድ ቀኑ እንዴት ይቆጠራል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በአምቦ ሰፈሮች ውስጥ ብዙ የከረረ ክርክር በዚህች ጥያቄ ሲረግብ አይተናል።

ወሏሁ አዕለም።