ከዐምዋስ እስከ ጂንካ፡ በወረርሽኝ ጊዜ ጀናዛን መሸኘት
(በሬድዮ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

  

የዛሬውን ርዕስ እንድናነሳ ያደረገን ከጭሮ ከተማ የመጣ ጥያቄ ነው። ጠያቂዋ በሰፈራቸው ለብዙ ዓመታት የሴቶችን ጀናዛ ሲያጥቡና ሲከፍኑ የኖሩ እናት ናቸው። «ልጄ፣ በጂንካ የተነሳው በሽታ በሬሳ ይተላለፋል ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ» አሉን። «እኛ ጋ መጥቶ ቢሆን ምን አደርግ ነበር? ባጥብ በሽታውን ይዤ ወደ ልጆቼ እገባለሁ። ባላጥብ ደግሞ ሙስሊሟን እህቴን ያለ ወግ ጣልኳት ማለት ነው። አላህ ፊት የቱን ይዤ ልቁም?»

ይህ ጥያቄ የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። በየመስጂዳችንና በየአፎሻችን ጀናዛ የሚያነሱ ሁሉ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ወደ ታሪክ መለስ እንበል።

ዑመር ከመንገድ የተመለሱበት ቀን

ዘመኑ 18ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር 639 ገደማ ነበር። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም እየተጓዙ ሰርግ ከተባለው ስፍራ ሲደርሱ አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕና ሌሎች የጦር አዛዦች ተቀበሏቸው። የተቀበሏቸው ግን በከባድ ዜና ነበር፤ በሻም ወረርሽኝ ገብቷል።

ዑመር ብቻቸውን አልወሰኑም። በመጀመሪያ ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ተለያዩ። ከዚያ አንሷሮችን አማከሩ፤ እነርሱም ተለያዩ። በመጨረሻ ከቁረይሽ አዛውንቶችን ጠሩ፤ እነርሱ በአንድ ድምፅ ሕዝቡን ይዘው ይመለሱ አሏቸው። ዑመርም ሊመለሱ ወሰኑ። ያን ጊዜ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነውን ብለው ጠየቁ። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄድ እንደሆነ አስረዷቸው። አንደኛው ጎኑ ለምለም፣ ሌላው ጎኑ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሉን የሚያሰማራን ሰው ምሳሌ አቀረቡላቸው፤ በየትኛውም ጎን ቢያሰማራ ከአላህ ቀደር አይወጣም።

በዚህ መሐል ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጡ። ስለ ጉዳዩ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙት ዕውቀት ነበራቸው። ወረርሽኝ በአንድ አገር መግባቱን የሰማ ወደዚያ እንዳይገባ፣ እርሱ ባለበት አገር የተነሳ እንደሆነ ደግሞ ሸሽቶ እንዳይወጣ መታዘዙን ነገሯቸው። ዑመርም አላህን አመስግነው ተመለሱ።

በታሪክ «የዐምዋስ ወረርሽኝ» የሚባለው ይህ መቅሰፍት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት 25 ሺህ ያህል ሰው ፈጅቷል። አቡ ዑበይዳ ሠራዊታቸውን ጥለው አልወጡም፤ እዚያው ሞቱ። የተተኩት ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም ሞቱ። ከእነርሱ በኋላ ኃላፊነቱን የያዙት ዐምር ኢብኑል ዓስ ሕዝቡ ተበታትኖ ወደ ተራሮች እንዲወጣ አዘዙ፤ ወረርሽኙም በረደ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በዚያ ዘመን ስለ ጀርም የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም አለመግባት፣ አለመውጣትና መራራቅ የሚሉት ሦስቱ ነገሮች የዛሬ ሐኪሞች ከሚያዙት ጋር አንድ ናቸው። ተወኩል ማለት ሰበብን መተው አለመሆኑን ከዑመር በላይ ማን ያስተምረናል?

ሁሉም ደም የሚያፈስ ትኩሳት አንድ አይደለም

ሐኪሞች ትኩሳትና ደም መፍሰስ የሚያስከትሉትን የቫይረስ በሽታዎች በአንድ ስም ቢጠሯቸውም መተላለፊያቸው ይለያያል። ይህን አለማወቅ ወይ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፣ ወይ ያዘናጋል።

የመጀመሪያዎቹ በትንኝ የሚመጡት ናቸው። በአገራችን ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ የተነሳው ቢጫ ወባ ወደ 100 ሺህ ሰው አሞ 30 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት ታላላቅ ወረርሽኞች አንዱ ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የጎረቤታችን የድሬዳዋ ታሪክ ነው። በ2006 ዓ.ል. መጀመሪያ (2013 እ.ኤ.አ.) የደንጌ ትኩሳት ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠው እዚያ ነበር፤ በጥቂት ወራት ከ11 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። ትንኟ በቀን ትናከሳለች፤ የምትራባው ክዳን በሌለው በርሜል፣ በእንስራና በተጣለ ጎማ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ነው። ጭሮ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቀዝቀዝ ትላለች፤ እንደ ሚኤሶ ያሉት ቆላማ ከተሞች ግን ውኃቸውን መክደን አለባቸው።

ሁለተኛዎቹ በከብት የሚመጡት ናቸው። በመስከረም 2000 እ.ኤ.አ. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ጂዛንና በየመን በተነሳ ጊዜ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደው የቁም ከብት ንግድ ተዘጋ። በከብት የሚተዳደረው የአካባቢያችን አርብቶ አደር ምን ያህል እንደተጎዳ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ይህ በሽታ የታመመን እንስሳ ሲያርዱ፣ ደሙንና የጨነገፈውን ሽል ሲነኩ ይተላለፋል። ለዒደል አድሓ ጤነኛ እንስሳ እንድንመርጥ ሸሪዓችን ማዘዙን ከዚህ ጋር ማስታወስ መልካም ነው።

ሦስተኛዎቹ ኢቦላና ማርበርግ ናቸው። እነዚህ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉት በደም፣ በትውከት፣ በላብና በመሳሰሉት የሰውነት ፈሳሾች ነው። ታማሚው ሲሞት በሽታው አብሮት አይሞትም፤ ሬሳው ራሱ ከሁሉ ይበልጥ አስጊ ነው። የእናታችን ጥያቄ የሚመለከተው ይህን ነው።

በጂንካ የሆነው

ማርበርግ ስሙን ያገኘው በ1967 እ.ኤ.አ. ከኡጋንዳ በመጡ ጦጣዎች ሳቢያ ሰዎች ከታመሙባት የጀርመን ከተማ ነው። ቫይረሱ በዋሻ በሚኖሩ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ላይ ይኖራል። ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ል. (14 ኖቬምበር 2025) ነው፤ ቦታው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ያለችው ጂንካ ነበረች። በምርመራ ከተረጋገጠባቸው 14 ሰዎች 9ኙ ሞቱ። ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ል. ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ።

በአጭር ጊዜ እንዴት ተገታ? ታማሚው ይለያል፤ ከእርሱ ጋር የተነካካው ሁሉ እየተፈለገ 21 ቀን ይታያል። በሽታው ከገባ ምልክቱ እስኪወጣ ቢበዛ 21 ቀን ነውና። መጨረሻው ታማሚ ነጻ ከሆነ ወይም ከተቀበረ በኋላ የዚያ እጥፍ፣ 42 ቀን ያለ አዲስ ታማሚ ሲያልፍ ብቻ አብቅቷል ይባላል። ማርበርግ የተፈቀደ ክትባት የለውም። ቢሆንም በ2024 እ.ኤ.አ. በሩዋንዳ ከ66 ታማሚዎች 15ቱ ብቻ ሞተዋል፤ ቶሎ የታወቀና የታከመ ሰው የመዳን ዕድሉ ሰፊ መሆኑን ያሳያል። ታማሚን መደበቅ እንግዲህ ለራሱ ለታማሚውም አይበጅም።

የጊኒና የላይቤሪያ ትምህርት

ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ኢቦላ በምዕራብ አፍሪካ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። ጊኒ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም ነው። እዚያ ብዙ ሰው የተያዘው ሟቹን ሲያጥብና ሲቀብር ነበር። ለወዳጁ የመጨረሻውን ግዴታ ሊወጣ የቀረበ ሰው በዚያው ግዴታ ሞተ።

መንግሥታቱ መጀመሪያ ላይ የሬሳውን አደጋ አይተው የሐዘንተኛውን ልብ ግን አላዩም። ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች መጥተው ሬሳውን ያለ ሰላትና ያለ ስንብት ይዘው ይሄዱ ነበር። በላይቤሪያ ዋና ከተማ ሬሳ እንዲቃጠል ታዘዘ። ምን ተከተለ? ሰው ሟቹን ደበቀ፤ በሌሊት ቀበረ፤ በሽታው በጨለማ ተስፋፋ። በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. በጊኒ ወሜ በተባለች መንደር ስለ ኢቦላ ሊያስተምሩ የሄዱ ስምንት ሰዎች ተገደሉ። ይህ ከቶ የማይፈቀድ በደል ነው። ነገር ግን እምነት የጠፋበት ቦታ ዕውቀት እንደማይሰማም ያሳያል።

በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት የሃይማኖት ድርጅቶችን አማክሮ አዲስ የቀብር ሥርዓት አወጣ። ለሙስሊም ሟች በውኃ ማጠቡ ቀርቶ መከላከያ ልብስ የለበሰ ሰው ተየሙም እንዲያደርግለት፣ በነጭ ከፈን እንዲሸፈን፣ ቤተሰብ በርቀት ቆሞ እንዲሰግድና ዱዓ እንዲያደርግ ተፈቀደ። ሟቹም ክብሩን፣ ሕያዋኑም ሕይወታቸውን አገኙ።

ለእናታችን የሰጠነው መልስ

«እናቴ፣ እርስዎ የያዙት ሥራ ፈርዱ ኪፋያ ነው፤ ትልቅ አደራ ነው» አልናቸው። «ነገር ግን የሸሪዓችን ባለቤት ነፍስን ለጥፋት አሳልፈን እንድንሰጥ አላዘዘንም። ውኃ የሚጎዳው በሽተኛ ለሰላቱ ተየሙም እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ትጥበቱ ሕያዋንን የሚያጠፋ ሲሆን ለጀናዛው ተየሙም አለለት። እርሱም ካልተቻለ አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድም። ዝርዝሩን ዑለማዎቻችን ያስረዱዎታል። እርስዎ አልጣሏትም።»

ሌላም አስታወስናቸው። የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ በሞቱ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሆነው ሶሓቦቻቸውን አሰልፈው ሰግደውባቸዋል። የኛ አገር ሰው ነበሩ፤ በመካከል ባሕርና በረሃ ነበር። ርቀቱ ሰላቱን አላስቀረውም። እንግዲህ ከመቃብር ጥቂት ሜትር ርቀን ብንሰግድ ዱዓችን የማይደርስ ይመስላችኋልን? በወረርሽኝ ታግሶ የሞተ አማኝ ደግሞ የሸሂድ ምንዳ እንዳለው ነቢያችን አብሥረዋል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ጭሮ በአውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሂርና፣ ከበዴሳና ከገለምሶ ጫቱና ቡናው ሌት ተቀን ይጓዛል፤ ሰውም አብሮ ይጓዛል። መንገድ ሲሳይ ያመጣል፣ በሽታም ያመጣል። ስለዚህ ክፉ ቀን ሳይመጣ በየአፎሻው እንነጋገር። ትኩሳትና ደም መፍሰስ ኖሮበት በድንገት የሞተ ሰው ሲያጋጥመን ሬሳውን ከመንካታችን በፊት ለጤና ጣቢያ እናሳውቅ። የሚያጥቡት ወንዶችና ሴቶች ተለይተው ይታወቁ፤ ጓንት ይኑራቸው፤ ከጤና ባለሙያ ይማሩ። ኢማሞቻችን በኹጥባቸው አስቀድመው ያስረዱ፤ ሐዘን በገባበት ሰዓት ትምህርት አይሰማምና። የጤና ሠራተኞችም ወደ ሐዘንተኛ ቤት ሲገቡ የሰፈሩን ኢማም ይዘው ይግቡ።

እናታችን ንግግራችንን ሰምተው ሲያበቁ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «እንግዲያው ተየሙሙን በጓንት እንዴት እንደሚያደርጉት አስተምሩንና፣ እኔም ለልጆቹ አስተምራለሁ» አሉ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝም። አላህ አገራችንን ከመቅሰፍት ይጠብቅ፤ በወረርሽኝ ለሞቱት ይዘንላቸው፤ ለታማሚዎች ፈውሱን ይስጥ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።